«50 ሺህ» የተባለው ፓወር ባንክ ውስጥ በእርግጥ ስንት አለ? የሊቲየም ባትሪ ከመግዛታችን በፊትና ከገዛን በኋላ እንዴት እንፈትነው?

ዛሬ የምናወራው ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁን ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልክ፣ ዋይፋይ፣ አምፖል፣ አንዳንዴም ፍሪጅ ስለሚያቆዩት የሊቲየም ባትሪዎች። ገበያው ሞልቷል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም በየወሩ እያደገ ነው። ትናንት «20 ሺህ» የነበረው ዛሬ «50 ሺህ» ሆኗል፤ መጠኑ ግን ያው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ። ታዲያ ይሄ ቁጥር እውነት ነው? ማነው የሚያረጋግጠው? እኛስ ቤታችን ውስጥ ማረጋገጥ እንችላለን?

መልሱን ቀድመን እንንገራችሁ፦ እንችላለን። አብዛኛው ፈተና ሚዛን፣ ሰዓትና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚፈልገው።

🔋 ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ «አሁንም ለምን ባትሪ እንገዛለን?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ማመንጨቱንና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፉን የሚሠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወደ ሰፈር የሚያከፋፍለውና ቆጣሪ የሚያስገባው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ግድቡ ጋ አይደለም፤ የተጨናነቀ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ገመድ፣ የወደቀ ምሰሶ ወይም ዝናብና ነፋስ የነካው መስመር ነው። ይሄ ተርባይን በመጨመር ብቻ አይፈታም። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ከዋናው መስመር ጋር ጭራሽ አልተገናኘም።

በሌላ በኩል ሥራችን ወደ ኤሌክትሪክ ተጣብቋል። ኦንላይን የሚሠራ ልጅ ዋይፋይ ከጠፋ ደንበኛው ይሄዳል። ጸጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጁስ ቤት… መብራት ሲሄድ ገቢውም አብሮ ይሄዳል። ጄኔሬተር ቤንዚን ይበላል፣ ይጮኻል፣ ጢሱም አለ። ስለዚህ ሰው ወደ ባትሪ መሄዱ አይገርምም።

ችግሩ ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ባትሪ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ የውሸት ባትሪ መግዛት የብዙ ወር ቁጠባን ገደል መክተት ማለት ነው።

🔋 አንድ ቁጥር ብቻ እወቁ፦ ዋት-ሰዓት

ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ሰው በአጭሩ ኤምኤኤች የሚለው። ይሄ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። በውስጡ ስንት ኃይል እንዳለ የሚናገረው ዋት-ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኤምኤኤቹን በ1000 አካፍሉ፣ ከዚያ በሴሉ ቮልቴጅ አባዙት። በተለመደው ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ሴል 3.7 ቮልት ነው።

20,000 ኤምኤኤች ማለት 20 ሲባዛ በ3.7፣ ማለትም 74 ዋት-ሰዓት። 10,000 ከሆነ 37። 50,000 ከሆነ 185።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። «ስልኬ 5,000 ነው፣ ፓወር ባንኬ 20,000 ነው፣ ስለዚህ 4 ጊዜ ይሞላልኛል» ይላል። አይሞላም። ፓወር ባንኩ 3.7 ቮልቱን ወደ 5 ወይም 9 ቮልት ሲቀይር የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስልኩም ሲሞላ እንዲሁ። ደህና የሚባል 20,000 ፓወር ባንክ 5,000 ስልክን የሚሞላው 3 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ 3 ጊዜ ከሞላላችሁ አልተሸወዳችሁም። አንድ ጊዜ ተኩል ሞልቶ ከቆመ ግን ተሸውዳችኋል።

🔋 ፈተና 1፦ ሚዛን ላይ አስቀምጡት

ይሄንን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ገና ሳትከፍሉ ማድረግ ትችላላችሁ። የዛሬ የሊቲየም ሴሎች በአንድ ኪሎ ክብደት 250 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዙት። ትንሽ ከፍም ዝቅም ይላል፣ ግን ተአምር የለም።

ስለዚህ 74 ዋት-ሰዓት ለመያዝ ሴሉ ብቻ 300 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ከነሽፋኑና ከነሰርኪቱ ከዚያ በላይ ይሆናል። «50,000» ከተባለ ደግሞ ሴሉ ብቻ ከ700 ግራም በላይ ነው፣ ከነሽፋኑ ወደ ኪሎ ይጠጋል። «50,000» የተባለው ፓወር ባንክ 300 ግራም ከመዘነ ውስጡ ያለው ቢበዛ 20,000 ነው፤ ያንሳልም ይሆናል። ሻጩ የፈለገውን ይማል፣ ሚዛኑ ፊዚክስ ነው።

ለባትሪ መብራትና ለስፒከር የሚሸጡት ክብ ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። 18650 የሚባለው መጠን 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ምርጥ የሚባሉት የታወቁ ሴሎች የሚይዙትም 3,500 አካባቢ ነው። «9,900» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ወደ ኋላ በሉ። እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡና አዲስ ሽፋን የለበሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ሴል ተደርጎ የቀረው በሌላ ነገር የተሞላ ነው።

አንድ ተጨማሪ ፍንጭ፦ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ መግባት የሚችለው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ የሆነ ከመንገደኛ ጋር አይሳፈርም። «50,000» ደግሞ 185 ዋት-ሰዓት ነው ብለናል። ስለዚህ ሻጩ «ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ኦሪጅናል 50 ሺህ ነው» ካላችሁ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ወይ ያመጣው ሰው ደንብ ጥሷል። ሁለቱም ደስ አይልም።

🔋 ፈተና 2፦ ከገዛችሁ በኋላ ቁጠሩት

ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ነው። በፓወር ባንኩና በስልኩ መካከል ይሰካል፣ ስንት ዋት-ሰዓት እንዳለፈ ይቆጥራል። ፓወር ባንኩን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ ከዚያ እስኪጠፋ አስወጡት፣ ቁጥሩን አንብቡ። 74 ዋት-ሰዓት የተጻፈበት ከ60 እስከ 65 ካወጣ ጥሩ ነው። 35 ካወጣ ግማሹ የለም።

ሁለተኛው መለኪያ ለሌለው ሰው ነው። ባትሪው ያላረጀ ስልክ ውሰዱ። ፓወር ባንኩን ሙሉት። ስልካችሁን በእሱ ብቻ ቻርጅ እያደረጋችሁ ስንት በመቶ እንደጨመረ ጻፉ፤ ከ20 ወደ 95 ከሄደ 75 በሉ። ፓወር ባንኩ እስኪያልቅ ድረስ ደምሩ። ድምሩ 280 በመቶ ከመጣና ስልኩ 5,000 ከሆነ፣ ስልኩ ውስጥ የገባው 14,000 ነው ማለት ነው። ከተጻፈው ከ65 እስከ 75 በመቶ ካገኛችሁ ጤነኛ ነው። ከ50 በታች ከሆነ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ቻርጅ ስታደርጉ ስልኩን ብዙ አትጠቀሙ፣ ቁጥሩን ያበላሸዋል።

🔋 ፈተና 3፦ የቤቱ ትልቅ ባትሪ

ፓወር ስቴሽን የሚባለውን ወይም ከኢንቨርተር ጋር የሚገጠመውን 12 ቮልት ባትሪ ለመፈተን ዘዴው ተመሳሳይ ነው፤ የታወቀ ጭነት ስጡት፣ ሰዓት ያዙ።

እንበል ባትሪው 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ነው። ሲባዛ 1,280 ዋት-ሰዓት። 100 ዋት የሆነ የድሮውን አምፖል በኢንቨርተር አብሩበት። ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚበላ ከባትሪው የሚወጣው 115 ዋት ገደማ ይሆናል። 1,280ን በ115 ስናካፍል 11 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ሙሉ ሆኖ ከጀመረ 10 ወይም 11 ሰዓት መቆየት አለበት። 5 ሰዓት ላይ ከጠፋ ግማሹን ነው የገዛችሁት። 500 ዋት-ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ስቴሽን ደግሞ በዚሁ አምፖል 4 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት።

ሦስት ማሳሰቢያ፦

1. ስክሪኑ ላይ ያለውን ፐርሰንት አትመኑ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ቮልቴጁ ከሙሉ እስከ ሊያልቅ ሲል ድረስ ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ርካሽ ማሳያዎች በግምት ነው የሚያወሩት። «60 በመቶ» ብሎ በድንገት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሰዓትና ጭነት ግን አይዋሹም።

2. አዲስ ባትሪ በመጀመሪያው ዙር ትንሽ ሊያንስ ይችላል፤ ሴሎቹ እኩል እስኪሞሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ፍረዱ።

3. ቢኤምኤስ የሚባለውን የባትሪውን ጠባቂ ሰርኪት ለመፈተን ብላችሁ ሽቦ አታገናኙ። ሾርት ማድረግ ፈተና ሳይሆን አደጋ ነው። ጠባቂው እንደሚሠራ የምታውቁት ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ሲቆርጥና ሲሞላ ራሱ ሲያቆም ነው።

🔋 ስንት ያስፈልገናል? ምጣዱንስ ያነሳል?

የአንድ ምሽት ሂሳብ እንሥራ። ሦስት ኤልኢዲ አምፖል 27 ዋት፣ ዋይፋይ 10፣ ላፕቶፕ 50፣ ስልክ 10። ድምር 97 ዋት። ለ4 ሰዓት 388 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የኢንቨርተሩን ብክነት ስንጨምር 450 ገደማ። ስለዚህ እውነተኛ 500 ዋት-ሰዓት ለአንድ ተማሪ ወይም ኦንላይን ሠራተኛ ይበቃል።

ፍሪጅ ሲሠራ 100 እስከ 150 ዋት ነው፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ መሆኑንና የመነሻ ጉልበቱን ጠይቁ።

የእንጀራ ምጣድስ? እዚህ ጋ እውነቱን እንነጋገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ብዙው ፓወር ስቴሽን ገና ሲሰካ ይዘጋል። ያ 1,280 ዋት-ሰዓት ባትሪ ቢችለው እንኳ ግማሽ ሰዓትም አያስኬደውም። «ሙሉ ቤት ያነሳል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ «ምጣድስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ገብቷችኋል።

🔋 ርካሹ የቱ ነው?

ብዙ ቤት የመኪና ባትሪ ይጠቀማል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል፣ የሚሰጠውም ጥቂት መቶ ዙር ነው። ጥሩ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይሰጣል።

ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል እንውሰድ። ሊድ አሲዱ 20,000 ብር፣ የምንጠቀመው 600 ዋት-ሰዓት፣ 400 ዙር ይሁን። በዕድሜው 240 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል፣ አንዱ በ83 ብር። ሊቲየሙ 70,000 ብር፣ የምንጠቀመው 1,150 ዋት-ሰዓት፣ 3,000 ዙር ይሁን። 3,450 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል፣ አንዱ በ20 ብር። ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው።

ግን ያው ሊቲየም አሮጌ ሴል የተሞላ፣ ግማሽ አቅም ያለውና 500 ዙር ብቻ የሚቆይ ቢሆንስ? አንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ከ240 ብር በላይ ይመጣል። ከመኪናው ባትሪ ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። የሊቲየም ጥቅም ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው ዕቃው እውነተኛ በመሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ መፈተን ግዴታ ነው የምንለው።

🔥 ከገንዘቡ በላይ፦ እሳት

ሐምሌ 2005 ዓ.ም በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ውስጥ እሳት ተነስቶ ነበር። ሰው አልነበረበትም፣ የተጎዳም የለም። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻውን የአደጋ ጊዜ ምልክት መላኪያው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ጋ ነው ያገኙት፤ ሽቦዎቹ በሽፋኑ ተጨፍልቀው ነበር። ያ ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ነው፣ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በጥብቅ ቁጥጥር በተሠራ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ የተጨፈለቀች ሽቦ ይህን ካደረገች፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፓወር ባንክ ትራስ ሥር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ዓለምም እየጠበቀች ነው። ቻይና ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ የአገሪቱ የጥራት ምልክት የሌለበትን ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ ከልክላለች። ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ በበረራ ላይ ፓወር ባንክ መጠቀምን አግዷል፤ ይዞ መግባት የሚቻለውም ከ100 ዋት-ሰዓት በታች የሆነና ዋት-ሰዓቱ የተጻፈበት አንድ ብቻ ነው። ከገልፍ ለቤተሰብ የምትልኩ እህት ወንድሞች ይሄንን ያዙ፤ ፓወር ባንክ የሚገባው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚከተሉትን አትርሱ፦

👉 ያበጠ፣ የሚሸት ወይም እጅ እስኪያቃጥል የሚሞቅ ባትሪ ወዲያው ከአገልግሎት ይውጣ። አትውጉት፣ አትክፈቱት።
👉 ቻርጅ የምታደርጉት ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይሁን፤ አልጋና ሶፋ ላይ አይሁን፣ መውጫ በር ላይም አታስቀምጡት።
👉 ሙቀት ባትሪን ይገድላል። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ጥላና አየር ያለበት ቦታ ፈልጉለት።
👉 በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ኢንቨርተሩን ግድግዳ ላይ አትሰኩ። ኃይሉ ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።
👉 እሳት ከተነሳ ጢሱ መርዝ ነው። ሰው አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

⚖️ ግን ለምን እኛ እንፈትን?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሸማቹ ራሱን እንዲጠብቅ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ወጣት ሚዛን ይዞ ሱቅ መግባት አለበት ማለት አንድ ቦታ የተዘለለ ሥራ አለ ማለት ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ደረጃ የሚያወጣ ተቋም አለን። የዕቃን ተስማሚነት የሚመዝን ድርጅት አለን። ገበያውን የሚቆጣጠረው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አለን። 300 ግራም በሚመዝን ዕቃ ላይ «50,000» ብሎ መጻፍ አሳሳች ካልሆነ ምን አሳሳች ይሆናል?

መፍትሔው ደግሞ ውድ ላቦራቶሪ ሁሉ አያስፈልገውም። አንደኛ፣ ዋት-ሰዓቱ በግልጽ ያልተጻፈበት ባትሪ እንዳይሸጥ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ከገበያ ናሙና ወስዶ መለካትና ውጤቱን በስም ማውጣት። ሦስተኛ፣ አሮጌ ባትሪ የሚመለስበት ቦታ ማዘጋጀት። አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ገብታለች። ነገ የእነዚህ መኪናዎች አሮጌ ባትሪ «አዲስ» ተብሎ ወደ ቤታችን እንደሚመጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ተፈትኖና አቅሙ ተጽፎበት ከመጣ ለድሃው ጥሩ ዕድል ነው። ሳይፈተን ከመጣ አደጋ ነው።

እስከዚያው የሚሆነውን እናድርግ። ስትገዙ ዋት-ሰዓቱን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። «ቢያንስ ብመልሰው?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈትኑት እንጂ መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ።

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው። ያላችሁን ፓወር ባንክ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ኮሜንት ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉልን፦ የተጻፈበት ስንት ነው? ግራሙስ ስንት ነው? የሱቅ ስም አያስፈልግም። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማየቱ ይበቃል። ነገ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁም ገንዘቡን ሳይከፍል ይድረሰው።